አሥራ ሁለት ሰው ለአሥራ አራት ቀን

በዘጠነኛው ቀን ጧት አሥራ ሁለቱ ሰዎች አሥራ አንድ ሆነው ተገኙ።

ናግላ መጀመሪያ የጠረጠረችው ዓይኗን ነው። መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ቀጥላ ኢንተርኔቱን ረገመች፤ ሰፈሯ ኢምባባ ውስጥ ኢንተርኔት ረግሞ የተሳሳተ ሰው የለም። ራውተሩን ነቅላ ሰካች፣ ገጹን ዘግታ ከፈተች። አሥራ አንድ። ቁጥሩ ምንም ሳያፍር ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሏል።

«እማዬ!» ብላ ልትጮህ ነበር፤ ተወችው። እዚህ ቤት ውስጥ ቁጥሩ አሥራ አንድ መግባቱን ብትሰማ እልል የምትለው እናቷ ኢንሻራህ ናትና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስማርት ስልክ ጋር አብሮ የሚመጣው ያ ትልቅ የመተግበሪያ መደብር፣ አዲስ ሠሪ ያመጣለትን ሥራ እንዲያው ተቀብሎ መደርደሪያው ላይ አይሰቅልም። «አሥራ ሁለት ሞካሪ አምጪ» ይላል። አሥራ ሁለቱ በየግል አካውንታቸው ይመዘገባሉ፤ ከተመዘገቡ በኋላ አሥራ አራት ቀን ሳያቋርጡ ይቆያሉ። ልክ ለኃጢአት ማካካሻ እንደሚጾመው የከፋራ ጾም ነው፤ በአሥራ ሦስተኛው ቀን አንዱ ቢያፈርስ ተተኪው «አንድ» ብሎ ይጀምራል። ቀኑ ሲሞላ ማመልከቻ ይገባል፤ መደብሩም ደስ ካለው በሩን ይከፍታል። ናግላ እንደምትገምተው፣ ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች የሚኖሩት አሥራ ሁለት ሰው ለአሥራ አራት ቀን ተስማምቶ የሚቆይበት አገር ነው።

እሷ ደግሞ ቀነ ገደብ አለባት። የሰው አፕ ስትሠራ ከኖረችበት ድርጅት በጃንዋሪ መጀመሪያ ወጥታ፣ ቤት ተቀምጣ የራሷን መሥራት በጀመረች በሳምንቱ፣ እናቷ በእህቷ ባል የአጎት ልጅ በኩል «የቆጣሪ ንባብ ማስተባበሪያ» በሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወንበር አስያዘችላት። ወንበሩ እስከ ጁን አንድ ይጠብቃል። በዚህ ተጣሉ፣ ተኮራረፉ፣ ተላቀሱ፤ በመጨረሻ ተዋዋሉ።

«እስከ ጁን አንድ አፕሽን መደብሩ ውስጥ ፈልጌ ካገኘሁት ከወንበሩ ነፃ ነሽ» አለች ኢንሻራህ። «ካጣሁት ግን ጧት በአንድ ሰዓት ለብሰሽ ትወጫለሽ። ማይልኝ።»

ናግላ በአባቷ ነፍስ ማለች። ዛሬ ሜይ አሥራ አራት ነው።

መተግበሪያው የርግብ ነው፤ ስሙም ጣሪያ ላይ እንደሚተከሉት የእንጨት ማማዎች «ገያ»። ኢምባባ ውስጥ ቤቱ አራት ሙሉ ወንበር የሌለው ሰው፣ ጣሪያው ላይ ባለ ሦስት ፎቅ የርግብ ማማ ይኖረዋል። ከቀትር በኋላ ሁሉም መንጋውን ይለቃል፣ ባንዲራ ያውለበልባል፣ ያፏጫል፤ ሰማይ ላይ መንጋና መንጋ ይደባለቃል፤ አንዷ ተሳስታ የሰው ማማ ላይ ታርፋለች። «እርቅ» ያላቸው ሰዎች ርግቦቻቸውን ይመላለሳሉ። «ጦርነት» ያላቸው ግን፣ የያዘ ያዘ ነው። ናግላ የሠራችው ይህን ሁሉ የሚመዘግብ ነገር ነው። ርግቧን ፎቶ ሲያነሷት ስልኩ እግሯ ላይ ካለው ቀለበት ቁጥሩን አንብቦ የማን እንደሆነች ይለያል፤ ዛሬ ማን ማማ ላይ እንዳረፈች ለሰፈሩ ርግበኛ ሁሉ ያስታውቃል። ስልኩን ቀለበት ማንበብ ለማስተማር አራት ወር ፈጅቶባታል። ሰው በልጁ ይኮራል፤ ናግላ በዚህ ነበር የምትኮራው።

ሞካሪዎቹን የሰበሰበላት የእናቷ ወንድም ሸሐታ ነው። ሸሐታ ርግበኛም ፀጉር አስተካካይም ነው፤ አንገቱን ምላጭ ሥር ያስቀመጠ ሰው ደግሞ «የእህቴን ልጅ አፕ አትሞክርልኝም?» ሲባል አይከራከርም። በሁለት ቀን ውስጥ፣ ራሱን ጨምሮ፣ አሥራ ሁለት ርግበኛ እሺ አለ። መደብሩ ግን ሰባት ብቻ ቆጠረ። ናግላ ቀኑን ሙሉ ኮዷን ስትበረብር ዋለች፤ ችግሩ የተገኘው ግን መንገዱ ጥግ ካለው የዋጊህ ስልክ ሱቅ ውስጥ ነው። ዋጊህ ስልክ ሲሸጥ፣ ደንበኛው እንዳይደክም አስቦ፣ ለሁሉም የሚከፍተው ያንኑ አንድ የራሱን አካውንት ነበር። ስለዚህ ስድስቱ ሰዎች ለመደብሩ አንድ ሰው ናቸው። የአንዱ ልጅ የልደት ፎቶ ሌላው ስልክ ላይ ለምን እንደሚወጣም ያን ቀን ገባቸው። ናግላ ለስድስቱም አዲስ አካውንት ከፍታ፣ የይለፍ ቃላቸውን የሲጋራ ፓኮ ላይ ጽፋ ሰጠቻቸው። ሜይ ስድስት ቁጥሩ አሥራ ሁለት ገባ። ዛሬ አሥራ አንድ።

ለአጎቷ ደወለች።

«አጎቴ፣ አንድ ሰው ወጥቷል።»

«ኢና ሊላህ! ማነው የሞተው?»

«ከሙከራው ነው የወጣው!»

«እህ። ልቤን አቆምሽው እኮ።» የመቀስ ድምፅ ተሰማ። «ኡስታ ሐናፊ ነው የሚሆነው።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ትናንት የሁላችንም ስልክ ጮኸ አይደል እንዴ? ‹የሐናፊ ሱልጣና በበዩሚ ማማ ላይ አርፋለች› ይላል። በቀይ። ፎቶ ሁሉ አለው። አንድ ደንበኛዬ ሲስቅ ጆሮውን ልቆርጠው ነበር።»

«ታዲያ ጥሩ አይደለም? ሠራ ማለት እኮ ነው!»

መቀሱ ቆመ።

«የእህቴ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ስንት ዓመት ነው የተማርሽው?»

«አምስት።»

«አላህ ይካስሽ» አለና ዘጋው።

ሐናፊ «ኡስታ» የሚባለው የእጅ ባለሙያ ስለሆነ ነው፤ የመኪና ወንበር ይሰፋል። ሱቁ ድልድዩ ሥር ነው፤ እንግዳ ሲመጣበት መኪናው የጠፋ የመኪና ወንበር ላይ ያስቀምጣል። ናግላን የአንድ አሮጌ ታክሲ የኋላ ወንበር ደረሳት። ሻይ አዘዘላት።

«እንኳን ደህና መጣሽ ኢንጂነር። ሱቁን አበራሽው።»

«ኡስታ፣ ከሙከራው ለምን ወጡ?»

«እኔ? እኔ አልወጣሁም። ልጄ ናት ያወጣችኝ።»

«ልጅዎ ለምን አወጣችዎ?»

«አውጪኝ ብያት።»

ናግላ እስከ አምስት ቆጠረች። «በርግብዎ በሱልጣና ምክንያት ነው?»

ሐናፊ የያዘውን ቆዳ አስቀመጠ። «ስልክሽ ሱልጣና በዩሚ ጋ ናት ብሎ ተናገረ።»

«ሐጅ በዩሚ ጋ አይደለችም እንዴ?»

«ናት እንጂ! ሌላ የት ትሄዳለች? ማክሰኞ ዓይኔ እያየ ነው የወረደችለት። ሚስቴ ታውቃለች፣ ልጄ ታውቃለች፣ ይሄ ሻይ የሚያመላልሰው ሰውዬ ያውቃል።» ባለሻዩ ስኳሩን እያማሰለ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «ራሷ ሱልጣናም ታውቃለች። ግን አንድ ሰው ትንፍሽ ብሏል? ማንም! በማግሥቱ በዩሚ ሉካንዳ ሄጄ ሁለት ኪሎ ገዛሁ። ‹እንዴት ዋልክ ኡስታ?› አለኝ። ‹አልሐምዱሊላህ ሐጅ› አልኩት። አጥንት የሌለበት መረጠልኝ። በዩሚ! አጥንት የሌለበት! ለምን? አፍሮ ነዋ። የጠፋችበት አይጠይቅም፣ የያዘም አያወራም። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ስንኖር ማንም ማንንም አልወጋም። አሁን አንቺ መጣሽ።»

«እኔ አይደለሁም እኮ፤ ፎቶ ያነሣት ሐጅ በዩሚ ናቸው።»

«ለራሱ ማስታወሻ ብሎ ነዋ! እሱም ተዋርዷል፤ ጉረኛ አስመሰልሽው። ትናንት ሉካንዳውን በጊዜ ዘግቶ ነው የገባው።»

«ኡስታ፣ የአፑ ዋና ነገር እኮ ይሄ ነው። ርግብዎ ስትጠፋ የት እንዳለች እንዲያውቁ።»

«ዋናው ነገር አለማወቅ ነው» አለ ሐናፊ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብሎ። «እያወቁ አለማወቅ። ለሱ የሚሆን ኮድ አላችሁ?»

አምስት ዓመት ተምራ፣ ስድስት ዓመት ሠርታ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንም ጠይቋት አያውቅም። በጣም የሚያናድደው ደግሞ ጥሩ ጥያቄ መሆኑ ነው።

«ዝም ካስባልኩትስ ይመለሳሉ?»

«ዝም ይበል እንጂ፣ ለሸሐታ ምላጭ ስል እንኳ እመለሳለሁ። ሻይሽን ጠጪ፤ ቀዘቀዘ።»

ሁለት ቀን ሙሉ የራሷን ልጅ አፍ በፕላስተር ስታሽግ ከረመች። ቀዩን መልእክት አወጣች፤ ለሰፈሩ የሚያስታውቀውን አወጣች፤ አሁን ስልኩ ቀለበቱን ያነባል፣ የማን እንደሆነች ያውቃል፣ ዝም ይላል። እርቅ ያላቸው ሰዎች ብቻ፣ ሁለቱም ከፈቀዱ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ። ያንን ሁሉ ብልሃት የሠራችው ለዲዳ ነው። በመሐሉ ያገኘችውን አንድ ስህተትም አብራ አስተካከለች፤ ስልኩ አልፎ አልፎ ስድስትን ዘጠኝ ብሎ ያነብ ነበር። አዲሱን ቅጂ ለሞካሪዎቹ ላከች። ሐናፊም ስሙን አስመለሰ፤ የእሱ ቀን ግን ከአንድ ጀመረ። ሜይ አሥራ ሰባት። በጣቷ ቆጠረች፤ አሥራ አራተኛው ቀን ሜይ ሠላሳ ይውላል። አንድ ቀን ይተርፋታል።

እነዚህን አሥራ አራት ቀናት ናግላ እንደ ሰው አልኖረችም። ጧት ተነሥታ ከፊቷ በፊት የምታየው ቁጥሩን ነው። ሸሐታ በበኩሉ የሞካሪዎቹን ፀጉር ያለ ወረፋ እያስተካከለ፣ «ማንም እንዳይወጣብኝ፣ የወጣ ሌላ ፀጉር ቤት ይፈልግ» እያለ ይዝት ነበር። በስድስተኛው ቀን የአንዱ ሞካሪ ስልክ ከጀልባ ላይ ዓባይ ውስጥ ገባ። ናግላ ልቧ ልክ እንደ ስልኩ ሰመጠ። ቁጥሩን አየች፤ አሥራ ሁለት። መደብሩ የሚቆጥረው አካውንት ነው እንጂ ስልክ አይደለም፤ ስልክህ ከዓሣ ጋር ቢኖርም አንተ ሞካሪ ነህ። ያን ቀን ናግላ ከዚህ ሕግ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ታረቀች። ቆም ብላ ብታስብበት ኖሮ መልካም ነበር።

ኢንሻራህ ሳሎን ውስጥ ነጭ ሸሚዝ ትተኩሳለች።

«ስንተኛ ቀን ነው?»

«አሥረኛ።»

«ሰዎቹስ?»

«አሥራ ሁለት። አንድም አልጎደለም እማዬ።»

«እህ» አለች ኢንሻራህና ካውያውን ኮሌታው ላይ ጫን አደረገችው። «ነጭ ያምርብሻል።»

ሜይ ሠላሳ፣ አሥራ ሁለት ሰው፣ አሥራ አራተኛ ቀን። ናግላ ማመልከቻውን ሞላች። መደብሩ ጥያቄ ያበዛል። ሞካሪዎችዎን እንዴት አገኟቸው? «በምላጭ» ልትል ቃጥቷት «በቤተሰብ በኩል» አለች። ከሞካሪዎችዎ ምን ተማሩ? «ተጠቃሚዎች አንዳንድ መረጃ እንዲነገራቸው አይፈልጉም» ብላ ጻፈችና ላከችው። መልስ እስከ ሰባት ቀን ሊወስድ ይችላል ይላል። እምቢ ለማለት ግን አንድ ሌሊት በቃው። በማግሥቱ ቁርስ ላይ፣ ፉሏን ሳትጨርስ፣ ደብዳቤው ገባ።

ውድ አዘጋጅ፣ ስለ ትጋትዎ እናመሰግናለን። ሞካሪዎችዎ መተግበሪያውን በበቂ ሁኔታ እንዳልተጠቀሙበት ተመልክተናል። እባክዎን ለተጨማሪ አሥራ አራት ቀናት ሞክረው በድጋሚ ያመልክቱ።

ሦስቴ አነበበችው። አልተጠቀሙበትም? ፀጉር ቤት ስታልፍ ሁሉም ስልኩ ላይ ተደፍቶ «ገያ» እያለ ሲስቅ በጆሮዋ ሰምታለች። ጫማዋን በትክክል ሳታጠልቅ ወጣች።

ሸሐታ ፀጉር ቤቱ ጣሪያ ላይ ነበር። በአንድ እጁ ባንዲራ፣ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ለብቻው ይንከተከታል።

«አጎቴ፣ አፔን ከፍተኸው ታውቃለህ?»

«ምን ማለትሽ ነው? ከእጄ መቼ ይወርዳል? ነይ፣ ነይ ተመልከቺ።» ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ደቀነው። በቀይ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ የበዩሚ ዐንበር በሐናፊ ማማ ላይ አርፋለች። «በላው! ሐናፊ ብድሩን መለሰ! በዩሚ ዛሬ ለማን አጥንት የሌለበት እንደሚሸጥ እናያለን።»

ናግላ ቀዩን ጽሕፈት አየችው። ይህን መልእክት በገዛ እጇ ካጠፋችው ሁለት ሳምንት አልፎታል።

«ይሄ አሮጌው ነው።»

«አሮጌ ወርቅ ነዋ።»

«ከየት አመጣኸው?»

«ዋጊህ ጫነልኝ። መጀመሪያ የላክሽልኝን ከስልኬ ቀድቶ አስቀምጦት ኖሯል።» ሸሐታ ባንዲራውን ትንሽ ዝቅ አደረገ። «አትቆጪ እንግዲህ። አዲሱ ዲዳ ነው። ከፈትኩት፣ ዝም አለኝ። እኔም ዝም አልኩት። በሦስተኛው ቀን አጥፍቼ የሚናገረውን አስጫንኩ።»

«አጠፋኸው?»

«አፑን ነው እንጂ ስሜን ከዝርዝሩ አላወጣሁም! እኔ ቃሌን የማጥፍ ሰው ነኝ? አሥራ ሁለታችንም እንዳለን አለን፤ ቁጠሪን።»

«አሥራ ሁለታችሁም እንዲህ ነው ያደረጋችሁት?»

«ስልኩ ዓባይ የገባበት እንኳ አዲስ ገዝቶ አስጭኗል።»

«ኡስታ ሐናፊስ? ዝም ይበል ያሉኝ እኮ እሳቸው ናቸው! ለእሳቸው ብዬ ነው ያን ሁሉ ያፈረስኩት!»

«ሐናፊ ስለ ራሱ ነው ዝም ይበል ያለሽ» አለ ሸሐታ፣ የዋህነቷ እያሳዘነው። «ስለ ሰው ሲወራ ማን ይጠላል?»

ናግላ የበቆሎው ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ርግቦቹ ከራሷ በላይ ተሰብስበው ዞሩ፣ ተበተኑ፣ ደግሞ ዞሩ። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ ንዴቱ ቦታ አልሰጣትም። ተነሥታ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወደ ዋጊህ ሱቅ ወረደች።

ዋጊህ ሲያያት ከልቡ ደስ አለው። «ኢንጂነር ናግላ! አንቺን ነበር የምፈልገው። አፕሽ እንጀራ ሆነኝ እኮ፣ ስልክ መሸጡን ትቼዋለሁ። እስከ ትናንት ሦስት መቶ ስልሳ ሁለት ስልክ ላይ ጭኛለሁ። ከሹብራ ድረስ እየመጡ ነው። ከሰው አሥር አሥር ጊኔ ነው የምቀበለው፤ ላንቺ ግን በነፃ እጭንልሻለሁ።»

«ለእኔ? የሠራሁት እኔ ነኝ!»

«ለዚህ እኮ ነው በነፃ ያልኩሽ።»

«ዋጊህ፣ ስማኝ። ያ ቅጂ ስህተት አለበት። ስድስትን ዘጠኝ ብሎ ያነባል።»

«አውቃለሁ። ባለፈው የአንዱን ርግብ የሌላ ናት ብሎ ሁለት ቤተሰብ ጡብ ሲወራወር አመሸ። ሰው በጣም ወዶታል።»

«አዲሱ ላይ አስተካክዬዋለሁ። መደብሩ ውስጥ ብገባ በአንድ ጊዜ የሁሉም ስልክ ላይ ይታረማል። አንተ በእጅህ የጫንከው ግን እንደተበላሸ ይኖራል። ይገባሃል? ሦስት መቶ ሰው ስልክ ላይ ስህተቴ ተለጥፎ ይኖራል፣ ልነካው አልችልም!»

ዋጊህ አሰበበት። «አዲሱ ይናገራል?»

«አይናገርም።»

«እንግዲያ ማን ይፈልገዋል?»

ናግላ መስታወቱን ተደገፈች። አንድ የመጨረሻ ሐሳብ መጣላት። «እሺ፣ ከሦስት መቶዎቹ አሥራ ሁለቱን ስጠኝ። አዲሱን ከፍተው የሚነካኩ አሥራ ሁለት ሰዎች ብቻ። በየአካውንታቸው ላስመዝግባቸው።»

«በየትኛው አካውንታቸው?» አለ ዋጊህ። «ሁሉም የኔ ነው እኮ።»

ጁን አንድ ጧት ኢንሻራህ መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኳን ይዛ፣ ሶፋው ላይ ተሰይማ ጠበቀቻት። ነጩ ሸሚዝ ከጎኗ ተሰቅሏል።

«ስሙን ንገሪኝ፣ ልፈልገው።»

«እማዬ፣ አትድከሚ።»

«ውል ውል ነው። ‹ገያ› አይደል?» በአንድ ጣቷ እየለቀመች ጻፈች። መደብሩ አሰበና አንድ የርግብ ተኩስ ጨዋታ፣ አንድ የርግብ ድምፅ የሚያሰማ ማንቂያ፣ አንድ በሩዝ የተሞላ ርግብ አሠራር አወጣላት። ኢንሻራህ የመጨረሻውን ትንሽ አነበበችው። «ያንቺ የለም።»

«መላው ኢምባባ ላይ አለ! ሹብራ ደርሷል! ሐጅ በዩሚ ትናንት በራችን ላይ ቆመው ‹ልጅሽ አዋረደችኝ› እያሉ ሲጮሁብሽ አልነበር?»

«ጮኸብኝ። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።»

«ታዲያ ወጣ ማለት አይደለም? ሦስት መቶ ሰው የያዘው ነገር የለም ይባላል?»

«እኔ ስለ ኢምባባ አልተዋዋልኩም። መደብሩ ውስጥ ፈልጌ ካገኘሁት ነው ያልኩት። አገኘሁት?»

«አላገኘሽውም።»

«ማን ነበር የማለው?»

ናግላ ሸሚዙን ከመስቀያው አወረደች። መደብሩ ኢንሻራህን ቢቀጥራት ኖሮ አሥራ ሁለት ሞካሪ የሚባል ነገር ባላስፈለገው ነበር።

የቆጣሪ ንባብ ማስተባበሪያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወንበሩ እውነትም ነበር፤ አንደኛው እግሩ ሥር የታጠፈ ካርቶን ተደርጎለታል። ጠረጴዛዋ ላይ ኮምፒውተር አለ፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ የለም። ገመዱ ተጠይቋል አሏት። መቼ እንደተጠየቀ የሚያውቀው ሰው ጡረታ ወጥቷል።

ግማሽ ሰዓት ያህል እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሕይወቴ አለቀ ብላ ልታስብ ጀመረችና አዳራሹ በጣም ጸጥ ማለቱን ልብ አለች። ቀና ስትል አሥራ ሦስት ሰው አሥራ ሦስት ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሯል፤ ማንም ወረቀት አያይም። ሁሉም ስልኩን ነው የሚያየው። አጠገቧ ያለችው ፋይዛ የምትባል ደልደል ያለች ሴትዮ ከረሜላ የሚያፈነዳ ጨዋታ ላይ ነች፤ ዘጠኝ መቶ አርባኛው ደረጃ ደርሳለች።

ናግላ ደረጃውን አየች። ቀጥላ ፋይዛን አየች።

«እመት ፋይዛ፣ ስልክዎን ከየት ነው የገዙት?»

«ከትልቁ ሱቅ ነዋ፣ በዋስትና።»

«አካውንቱን ማን ከፈተልዎ?»

«በራሴ ስም፣ ራሴ። ምነው የኔ ልጅ፣ ከፖሊስ ነሽ እንዴ?»

«የርግብ አፕ ሠርቼ ነበር። የሚሞክርልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

«እኔ ርግብ የለኝም። ባሌ ራሱ አስቸግሮኛል።»

«ርግብ አያስፈልግም። ከፍቶ መነካካት ብቻ ነው። ለአሥራ አራት ቀን።»

«በቀን ስንት ጊዜ?»

«እንዳሻዎ።»

ፋይዛ ሣቀች። «እንዳሻን ከተባልንማ፣ ከስምንት ሰዓት በፊት ማን ያስቆመናል? ስጪኝ። አንቺ ሰሚራ! ነይ፣ ልጅቱ ጨዋታ አምጥታለች!»

እስከ ቀትር ድረስ አሥር ጠረጴዛ ተመዘገበ፤ ከበሩ ጥበቃ ጋር አሥራ አንድ ሆኑ። ደስ የሚለው፣ በአዳራሹ ውስጥ ርግብ ያለው ሰው አንድም አልነበረም፤ የሚደበቅም የሚወራም ነገር የለም። የቀሩት ሦስት ሠራተኞች የሚይዙት በቁልፍ የሚሠራ ስልክ ነው። ናግላ ውሉን በልቧ ደገመችው። ከእናቷ ጋር ያላት ውል ወንበሩ ላይ ስለ መቀመጥ ነው እንጂ ከወንበሩ ስለ መነሣት ምንም አይልም። አንድ ሰው ብቻ ጎደላት። በመስታወት ከታጠረው ክፍል ውስጥ ደግሞ ኃላፊው ኡስታዝ ኩረይም ትልቅ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጣሪያው ቀና ብለው ይስቃሉ።

አንኳኩታ ገባች። ስልኩን መዝገብ ሥር አስገቡት።

«አዲሷ ነሽ። እሺ?»

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳቻቸው፤ ርግቡን፣ መደብሩን፣ አሥራ ሁለቱን ሰው። ኃላፊው በትዕግሥት አዳመጡ። ሲያልቅ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጥያቄው ሥራ ነክ ነው ወይስ የግል?»

«የግል። ማለቴ፣ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ስልክዎን ቢሰጡኝ...»

«ማመልከቻ ጻፊ። ቴምብር ለጥፊበት። በመዝገብ ቤት በኩል አስገቢልኝ፤ ይታያል።»

«መቼ ነው የሚታየው?»

«አዲስ መሆንሽ ያስታውቃል» አሉ ኡስታዝ ኩረይም፣ በእውነት አዝነውላት።

ናግላ በሩ ላይ ቆመች። ሐናፊ፣ በዩሚ፣ አጎቷ፣ ዋጊህ፣ እናቷ፣ መደብሩ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ትዝ አሏት። ልትጮህ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ ፋይዛ አውራ ጣቷን አነሣችላት፤ በሌላው እጇ አፑን እየነካካችው ነው።

«ቴምብሩ የት ነው የሚሸጠው?» አለች ናግላ።